መጽሐፉ ሳይገለጥ የተጠየቀ ጥያቄ

ከዚህ በፊት አንድም ነገር ጽፌ አላውቅም። የዕድር ስም ሲጠራ «አለሁ» ለማለት እንኳ ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ የሚቀርብኝ ሰው ነኝ፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ስለዚህ አነጋገሬ ቢወላገድ አንባቢ ይታገሠኝ። እንድጽፍ ያደረገችኝ የልጅ ልጄ ናት። ባለፈው ሰሞን የአማርኛ መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የቤት ሥራዋን ስትሠራ፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። ዓይኔ ገጹ አናት ላይ ካለች ርዕስ ላይ አረፈ። «የቅድመ ንባብ ጥያቄዎች» ትላለች። ልጅቷ ግን ጥያቄዎቹን ዘላ ቀጥታ ወደ ምንባቡ ገባች። «እነዚህንስ?» አልኋት። «እነሱን እንዘላቸዋለን እማማ፤ መምህራችንም ትዘላቸዋለች። ፈተና ላይ አይመጡም» አለችኝ። እጄ ምስሩ ውስጥ እንዳለ ቀረ። እሷ የዘለለችውን ነገር እኔ የማውቀው በአንድ ሰው ነው። ያ ሰው በዚሁ ነገር ከመካከላችን ተነቅሎ ሲሄድ ቆሜ አይቻለሁ።

ያኔ ደባርቅ እንደዛሬው አልነበረችም። መንገዱ ኮረት ነበር፤ ከጎንደር የሚመጣው አውቶቡስ ዳባትን አልፎ እስኪደርስ ድረስ ተሳፋሪው ሁሉ ቅንድቡ በአቧራ ነጭ ሆኖ ይወርድ ነበር። የጭነት መኪኖች ሊማሊሞን በጉም መውረድ ስለሚፈሩ እኛ ዘንድ ያድራሉ፤ ሾፌሮቹ አውቶቡስ መቆሚያው ጥግ ካለችው ሻይ ቤት ገብተው ትኩስ ፓስቲ ይበላሉ። ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር፤ የተሸረፈውን ብርጭቆ አፍ ወደ ሌላ በኩል አዙሮ ለሚጠጣ አሥር ሳንቲም የሚያስከፍሉበት ጊዜም ነበር። ከሻይ ቤቷ ፊት ለፊት ሁለት ልብስ ሰፊዎች የእግር መኪናቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው የካኪ ሱሪ ሲጠግኑ ይውላሉ። እኛ ሴቶቹ የኮንጎ ጫማ እናደርጋለን፤ ላስቲክ ስለሆነ በታኅሣሥ ማለዳ እንደ ድንጋይ ይጠነክርና እግር ይቀረጥፋል። እኔ አንዲት አረንጓዴ የቴትሮን ቀሚስ ነበረችኝ። እናቴ በርበሬና ጨው ቸርችራ የገዛችልኝ ናት፤ ለቤተ ክርስቲያንም ለስብሰባም እሷኑ ነበር የምለብስ። ከሻይ ቤቷ ራዲዮ ማርሽ ሲጫወት ይውልና በመካከሉ አንዳንዴ ስለ ራቀ ወዳጅ የሚዘፍን ቀጭን የሴት ድምፅ ይመጣል። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊዎቹ እግራቸውን ከመርገጫው ያነሳሉ። ዘፈኑ ሲያልቅ እንደገና ይረግጣሉ። አሁን በዚያ ጥግ ሳልፍ የሞባይል መጠገኛ ቤት ነው ያለው፤ ግን እግሬ እስካሁን ቀስ ይልብኛል።

መምህር አዳነ የዳባት ገጠር ልጅ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ቢሞላቸው ነው፤ ለእኛ ግን ሽማግሌ ይመስሉን ነበር። ክርናቸው ላይ የተጣፈ ቡናማ ሹራብ አላቸው፤ ጠመኔ ከኪሳቸው አይለይም። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሌሎቹ መምህራን «መጽሐፍ አውጡ» ሲሉ እሳቸው «መጽሐፍ ዝጉ» ይላሉ። የምንባቡን ርዕስ ብቻ ሰሌዳ ላይ ይጽፉና ጠመኔውን አስቀምጠው ዝም ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን እብደት መስሎን ነበር። አንድ ቀን «ዋልያ» ብለው ጻፉ። «በሉ እንጂ፤ ጥያቄ ሳይዙ ንባብ መግባት ስልቻ ሳይዙ ገበያ መሄድ ነው። እህሉን በምን ልታመጡት ነው?» አሉን። ያን ጊዜ ከአምባራስ በኩል የመጣ አንድ ልጅ «ገደል ላይ ተኝቶ ሲያልም አይወድቅም?» አለ። ሌላዋ «ግልገሉ መጀመሪያ ሲዘል ማን ያሳየዋል?» አለች። ሰሌዳው ሞላ። ከዚያ ገልጠን ስናነብ መጽሐፉ ከጥያቄዎቻችን ግማሹን እንኳ አያውቅም ነበር። መምህር ግን ደስ አላቸው፤ ያልተመለሱትን ሳያጠፏቸው ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ተዉአቸው። ቆይቶ ሌላ ነገርም ጨመሩልን። ይህን የሚነግረን ማን ነው፣ ለማን ብሎ ጻፈው፣ እኛስ ከወዲሁ የምናውቀው ምን አለ፣ እያልን ሳንጠይቅ አንድ ገጽ አንገልጥም ነበር። ቤት ሄጄ ይህን ለእናቴ ስነግራት ሳቀችብኝ። «ሳያነቡ መጠየቅ ደግሞ ምን የሚሉት ነው? ወጡ ሳይወጣ ጨው በዛ እንደማለት አይደል!» አለች። እኔ ክፍል ውስጥ አንድም ቀን እጄን አውጥቼ ጠይቄ አላውቅም። በልቤ ግን እጠይቅ ነበር፤ እሳቸውም ያውቁ ይመስለኛል። ስድስተኛን ጨርሼ ቤት ስቀር መጻሕፍት ያውሱኝ ጀመር፤ ከበደኝ ስላቸውም ከንፈር ሳይመጥጡ ያስረዱኝ ነበር።

ከዚያ ያ ክፉ ዘመን መጣ። ዝናቡ ቀረ፤ ገብሱ አፈር ሳይለቅ ደረቀ። ከቡይት ራስ በላይ ያሉ ገበሬዎች በሬያቸውን እየነዱ ወርደው በበግ ዋጋ ሸጡ። በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤት አዲስ መጽሐፍ መጣ፤ ከመጽሐፉ ጋርም አነባበቡን የሚያይ እንግዳ ከላይ ተላከ። እኔ ትምህርት ጨርሻለሁና እዚያ አልነበርሁም፤ የሆነውን ያወቅሁት እንደ ማንኛውም የከተማ ሰው በወሬ ነው። መምህር እንደ ልማዳቸው «ዝጉ» ብለው የምንባቡን ርዕስ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ርዕሱ «የተትረፈረፈ ምርት» ይላል። ጠመኔውን አስቀምጠው ጠበቁ። ከኋላ የተቀመጠች፣ አባቷ በዚያው ሳምንት የመጨረሻውን በሬ የሸጠባት ልጅ፣ ከልቧ ማወቅ ፈልጋ «መምህር፣ ይህ የት አገር ነው?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እንግዳውም ከእነሱ ጋር ሊስቅ ጀምሮ ነበር ይባላል፤ ከዚያ ፊቱን ሰበሰበ።

ነገሩ እዚያው ቢቀር መልካም ነበር። ግን የኛ አገር ሰው ሲርበው ቀልድ አያጣም። በነጋታው ቀበሌ ሱቅ በር ላይ ተሰልፈን አንዲት ሴት «ኧረ ስኳር መጣ ተባለ!» ስትል ሌላዋ «የት አገር?» አለቻት፤ ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ወደቀ። ልብስ ሰፊዎቹ ተቀበሏት። ሾፌሮቹ ወደ አዲ አርቃይ አወረዷት። «እንዴት ናችሁ?» ለሚል «ጥጋብ ነው» ይሉታል፤ «የት አገር?» ይባላል። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። «ይቺ ሳቅ የሰው ነፍስ ትበላለች» አለችና በርበሬዋን አፍሳ ገባች።

ሐሙስ ዕለት የሴቶች ማኅበሯ ሊቀመንበር አስጠራችኝ። ታጥፎ የተያያዘ ወረቀት ሰጠችኝና «ጓድ የሺ፣ እሁድ አዳራሽ ውስጥ ታነቢያለሽ። እቤትሽ ተለማመጅው፤ ቃል እንዳትስቺ» አለችኝ። «እኔ ድምፄ አይወጣም» ልላት ፈለግሁ፤ እሱም አልወጣልኝም። ወረቀቱን ይዤ ወደ ቤቴ ሳይሆን ወደ መምህር ሄድሁ፤ የከበደኝን ንባብ ሁሉ የምወስደው ለእሳቸው ነዋ። በተከራዩዋት ክፍል ደፍ ላይ ወንበር አውጥተው፣ ነፋሱን ሹራባቸውን ወደ ላይ ስበው እየተከላከሉ፣ የተማሪ ወረቀት ያርማሉ።

«የሺ! ምን አመጣሽልኝ?»

«እሁድ አንብቢ የተባልሁትን።»

«ገለጥሽው?»

«አልገለጥሁትም።»

«ጎበዝ! ያስተማርሁት አንድ ሰው አለኝ ማለት ነው። በይ ጠይቂ።»

እንደ ሁልጊዜው እሳቸው ጀመሩልኝ።

«ማን ሰጠሽ?»

«የሴቶች ማኅበሯ ሊቀመንበር።»

«የጻፈችውስ እሷ ናት?»

«እሷማ በጣቷ ነው የምትፈርመው።»

ሳቁ። «እሺ፣ ጸሐፊው አልታወቀም። ሰሚውስ?»

«ሁሉም። ማንም እንዳይቀር ተብሏል፤ በሽተኛም ቢሆን።»

«ለስኳር ጉዳይ እንኳ እንዲህ ተጠርተን አናውቅ» አሉ። «ቀበሌው ውስጥ አሥራ ሁለተኛን የጨረሱ፣ ድምፃቸው እንደ ደወል የሆነ ልጆች አሉ። ምነው አንቺን መረጡ?»

«ሳልጠይቃት እሷው ነገረችኝ። 'የእሱ ተማሪ ስለሆንሽ ካንቺ አፍ ቢሰማ ይሻላል' አለችኝ።»

«የማን ተማሪ?»

ይህን ጊዜ ነው ቀና ብዬ ያየኋቸው። እሳቸውም ቀይ እስክሪብቷቸውን አየር ላይ እንደያዙ ያዩኛል። መልሱን ሁለታችንም አንድ ላይ አገኘነው። ወረቀቱ አሁንም እንደታጠፈ ጉልበቴ ላይ ነበር።

«አትግለጪው» አሉ ቀስ ብለው። «ካሁን በኋላ መግለጥ አያስፈልገውም።»

ማልቀስ ጀመርሁ። «ይሂዱ መምህር፤ ሾፌሮቹን ያውቋቸዋል፣ ነገ በማለዳ በሊማሊሞ ይውረዱ» አልኋቸው። በሕይወቴ ያን ያህል ቃል በአንድ ትንፋሽ ተናግሬ አላውቅም። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ከወረድሁ እነሱ ዳባት ይወጣሉ። እናቴ ብቻዋን ናት፤ ዓይኗም ደክሟል። እኔን ሲያጡ እሷን ነው የሚጠይቋት። አይሆንም።» ቆይተው ደግሞ «አንብቢው የሺ፤ እኔ አልቀየምሽም። ካላነበብሽ አንቺን ይይዙሻል» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። በኛ አገር ሰው ላይ ክስ የተናገረ አፍ የክሱ ባለቤት ነው፤ የጻፈው ሌላ ነው ቢባል ማንም አይሰማ። ባነብ ለዘላለም የመምህሬ ከሳሽ ልሆን ነው፤ ባላነብ ደግሞ ለእናቴ ከእኔ በቀር ልጅ የላት። ስናለቅስ ሰነበትን።

እሁድ አዳራሹ ጢም አለ። አረንጓዴ ቀሚሴን ለብሼ መድረክ ላይ ወጣሁ። መምህር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከግራ ከቀኛቸው ያለው ወንበር ባዶ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር «ጓድ የሺ ጽሑፍ ታቀርባለች» አለ። ወረቀቱን ገለጥሁ፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ ስማቸው አለ። ስማቸውን ልጥራ ስል ምላሴ ታሰረ። በአፌ ላይ የመጣልኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ከማንኛውም ንባብ በፊት የለመድሁት ነገር ብቻ ነበር። ደፍሬ ነው አልልም፤ ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው።

«ይህን የጻፈው ማን ነው?» አልሁ።

«አልሰማንም!» ተባለ ከኋላ። «ድምፅ! ድምፅ!»

ፊት የተቀመጡት አያ ፈንቴ ተነሡ። በርስት ሙግት ያረጁ፣ ከአውራጃ እስከ ጠቅላይ ግዛት ያልቆሙበት ችሎት የሌለ አዛውንት ናቸው። ወደ ሕዝቡ ዞረው በጋቢያቸው ውስጥ እጃቸውን አነሡና «የጻፈው ማን ነው ትላለች!» ብለው አስተጋቡ።

«አያ ፈንቴ፣ ይቀመጡ። ይህ የሕዝብ መድረክ ነው፤ ችሎት አይደለም» አለ ሊቀመንበሩ።

«ከሳሽ ካለው ችሎት ነው፣ ጓድ። ከሳሽ ከሌለው ልቀቁንና ወደ ከብታችን እንሂድ፤ የቀሩን እንደሆነ።»

«ከሳሹ ወረቀቱ ነው!»

«ወረቀት ዋስ ይጠራል? ወረቀት ተጠየቅ ሲሉት ይመልሳል? ይቺን ብላቴና ከፊት አቁሞ ከኋላ መሸሸግ የወንድ አይደለም። የጻፈው ይውጣና ተጠየቅ ልበለው!»

አዳራሹ ተንጫጫ። አንዳንዱ «እውነታቸውን ነው» አለ፤ ሴቶች እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። እኔ፣ መምህር እውነትም ሊተርፉ ነው ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ሊቀመንበሩ መጥቶ ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀና ራሱ ማንበብ ጀመረ። የመምህርን ስም ጠርቶ «በወረዳችን ምርት ተትረፍርፎ ሳለ…» ከማለቱ፣ ከወደ በሩ አንድ ጎርናና ድምፅ «የት አገር?» አለ።

እንደዚያ ያለ ሳቅ ደባርቅ ሰምታ አታውቅም። ጣራው ቆርቆሮ ነበርና ሳቁ እንደ በረዶ ነጎደ። ዘበኞቹ እንኳ ጠመንጃቸውን ተደግፈው ሳቁ። አያ ፈንቴ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ሊቀመንበሩ ፊቱ አመድ መሰለ፤ «ስብሰባው ተበትኗል» አለ። ሰዉ ጠላት እንዳሸነፈ ሁሉ እየተሳሳቀ ወጣ። እኔ መምህርን አየሁ። እሳቸው አልሳቁም፤ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ይዘው ወለሉን ያያሉ። ያ ሳቅ ምን እንደሚያስከፍላቸው ከእኛ ሁሉ ቀድመው አውቀዋል። አሁን ሳስበው፣ ያን ቀን ሕዝቡ ስለሳቀ ማንንም መውቀስ አልችልም። ስንት ወር አፋችንን ዘግተን ቆይተን ነበር።

ያ ሳምንት ግራ የሚያጋባ ሳምንት ነበር። ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ «የተባረክሽ ልጅ» እያለ ይስመኛል፤ ስኳር ግን ተከለከልን፤ እናቴ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀለሟ ይጠፋል። መምህር በየቀኑ እየሄዱ ያስተምራሉ። ክፍላቸው አጠገብ ባለችው የቧንቧ መንገድ ስመላለስ ድምፃቸውን እሰማ ነበር፤ «ዝጉ» ይላሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ልጆቹ አይጠይቁም። ማንም አይጠይቅም። ዝምታው እስከ ቧንቧው ድረስ ይሰማል። እንስራዬ ሞልቶ ሲፈስ ነበር የምነቃው።

ቅዳሜ፣ ገበያው ሞቅ ሲል፣ ከጎንደር በኩል ላንድሮቨር መጣች። መምህርን ከገበያው መካከል፣ ድንች ሲገዙ ነው የያዟቸው። ድንቹ ከመሐረባቸው ተበትኖ መሬት ላይ ቀረ፤ ዋጋው ከፍ ባለበት በዚያ ዘመን እንኳ አንድም ሰው ጎንበስ ብሎ አላነሣም። ሰው ከበበ። «ምን አጠፉ?» ይላል አንዱ። «ወዴት ነው የምትወስዷቸው?» ይላል ሌላው። «መቼ ይመለሳሉ?» ትላለች አንዲት እናት። መልስ የሚሰጥ የለም። እኔ ሰዉን በክርኔ እየገፋሁ እስከ መኪናዋ ደረስሁ። እሳቸው ከኋላ በሁለት ወታደሮች መካከል ተቀምጠዋል፤ ሹራባቸው የለም፣ እግራቸው ባዶ ነው፤ ጫማቸው ግርግሩ ላይ ወልቋል። ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚጠይቀው እሳቸው የማያውቁትን ነው ብዬ አሰብሁ። እሳቸው የሚያውቁትን ልጠይቃቸው።

«መምህር፣ ምን ልላክልዎ?» አልኋቸው፣ ጮክ ብዬ።

ወታደሮቹ አላቋረጧቸውም፤ መለሱልኝ። እኔም እንዳሉኝ አደረግሁ። ከበግ ጠጉር ወፍራም ካልሲ ሠርቼ፣ ከትንሽ በሶ ጋር በጨርቅ ሰፍቼ፣ ስማቸውን በላዩ ጽፌ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ጎንደር ላክሁ። በዚያ ዘመን እስረኛ ያለው ቤት ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነበር፤ የላኩት ስንቅ ከእስር ቤት ከቀረ ሰውየው አለ፣ ስንቁ ከተመለሰ ግን ተቀባይ የለም። የሚነግር የለም፤ ለቅሶም አይፈቀድም። ክረምት ሲገባ ረዳቱ አንገቱን ደፍቶ ጥቅልሉን በእጄ አኖረው። ስፌቱ ተፈትቶ በሌላ ክር ተሰፍቷል። ይዤው ዳባት ወደ እናታቸው ሄድሁ። አሮጊቷ ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ በእጃቸው ካልሲውን ዳበሱት፣ «ልጄ፣ ይህ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። እስኪመሽ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

ልጆቼ ካደጉ በኋላ «ለምን ጎንደር ወርደሽ አልጠየቅሽም? መንግሥት ሲለወጥስ ለምን አልጠየቅሽም?» ይሉኛል። የት እንደተቀበሩ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም ነበር ይሉኛል፤ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ግን ያን ቅዳሜ፣ ላንድሮቨሯ ስትነሣ፣ ያ ሁሉ ዓመት ጠይቂ ሲሉኝ የኖሩት ሰው ከወታደሮቹ ትከሻ መካከል አንገታቸውን አውጥተው ያሉኝ የመጨረሻ ቃል ይህ ነበር፦

«ካልሲ ላኪልኝ፣ የሺ። ተመልሶ ከመጣብሽ ግን አትጠይቂ።»